ብቸኛ አከፋፋይነት ለማን ይሰጣል?

ጥያቄ፦ ፈሳሽ ሳሙና አመርታለሁ። እስካሁን ለሱቆች በራሴ መኪና ሳደርስ ቆይቻለሁ፤ አሁን ግን ከአቅሜ በላይ ሆነ። ሁለት አከፋፋዮችን አነጋግሬያለሁ። አንዱ መጋዘኑም መኪናውም ብዙ ነው፤ ነገር ግን «በአካባቢው ብቸኛ አከፋፋይ ካላደረጉኝ አልይዝም» ብሎኛል። ሌላው አነስተኛ ነው፣ እንዲህ ያለ ጥያቄም የለውም። የትኛውን ልምረጥ?

መልስ፦ መኪናውን ከመቁጠርዎ በፊት ትልቁ አከፋፋይ አሁን የሚሸጣቸውን ዕቃዎች ዝርዝር ይጠይቁ። ከመካከላቸው ሌላ ፈሳሽ ሳሙና ካለና ዋናው ገቢው ከዚያ የሚመጣ ከሆነ፣ የሽያጭ ሠራተኞቹ የእርስዎን ምርት ጊዜ ከተረፋቸው ብቻ ነው ለባለ ሱቁ የሚያሳዩት። ብቸኛ መብት ወስዶ ምርቱን መጋዘን ውስጥ የሚያስቀምጥ፣ ዓላማውም ተፎካካሪ እንዳይወጣበት ብቻ የሆነ አከፋፋይ አለ። ስለዚህ ትልቅነቱ ብቻውን አያሳምንዎ።

ቀጥሎ የሰው ኃይሉን ያስሉ። አንድ የሽያጭ ሠራተኛ በቀን 25 ሱቅ ቢያዳርስ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ባሉት 12 የሥራ ቀናት 300 ሱቅ ይደርሳል። አከፋፋዩ «1,200 ሱቅ በየሁለት ሳምንቱ አዳርሳለሁ» ካለዎት ቢያንስ 4 ሠራተኛ ያስፈልገዋል። ያለው 2 ከሆነ ሱቆቹ የሚታዩት በወር አንዴ ነው፤ በመሀል ዕቃ ያለቀበት ሱቅ ደግሞ የሌላውን ሳሙና ይደረድራል።

ብዙ አምራቾች ሳያጣሩት የሚያልፉት ገንዘቡን ነው። አከፋፋዩ በወር 1,000 ካርቶን ይሸጣል እንበል። ዕቃው መጋዘን 30 ቀን ቢቆይና ሱቆች በ30 ቀን ዱቤ ቢወስዱ፣ ያወጣው ገንዘብ የሚመለስለት በ60ኛው ቀን ነው። እርስዎ የ15 ቀን ዱቤ ከሰጡት ቀሪውን 45 ቀን በራሱ መሸፈን አለበት፤ ይህም የ1,500 ካርቶን መግዣ ነው። ይህን ያህል ለእርስዎ ምርት መመደብ የማይችል አከፋፋይ ክፍያ ያዘገያል፤ ሰውየው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ገንዘቡ ሱቆች ዘንድ ስለቀረ ነው። አነስተኛውንም በዚሁ ስሌት ይፈትኑት፤ ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ አከፋፋዩ በሌለበት፣ እሸፍነዋለሁ በሚለው ቀጠና ውስጥ ከ15 እስከ 20 ሱቅ ራስዎ ይጎብኙ። በስንት ቀን እንደሚመጣ፣ የታዘዘውን መቼ እንደሚያደርስ፣ የተበላሸ ዕቃ ይቀይር እንደሆነ ይጠይቁ። አከፋፋዩ ራሱ መርጦ ከሚሰጥዎ ምስክሮች ይልቅ ይህን ይመኑ።

ብቸኛ መብቱን በአንዴ አይከልክሉ፣ በአንዴም አይስጡ። የመጀመሪያዎቹ 6 ወራት የሙከራ ይሁኑ፤ መብቱ የሚጸናው የተስማማችሁበትን ዝቅተኛ ግዢና የሱቅ ብዛት ካሟላ ነው። የቀጠናው ወሰን በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ሆቴሎችንና ትልልቅ መደብሮችን በቀጥታ ማስተናገድ ከፈለጉ ይህም ውሉ ላይ ይግባ። ከጸናም በኋላ ሁለት ተከታታይ ሩብ ዓመት ግቡን ከሳተ መብቱ እንዲቀር ይጻፉ። አከፋፋይን ማሰናበት ካሳ የሚያስከፍልባቸው አገሮች ስላሉ ውሉን የሕግ ባለሙያ ሳያየው አይፈርሙ።

ጥያቄ፦ አከፋፋዬ «20 በመቶ ትርፍ» ጠየቀኝ። ብዙ ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ «ከምኑ ላይ 20 በመቶ?» ብለው ይጠይቁ። በ80 ገዝቶ በ100 ቢሸጥ ትርፉ ከመሸጫው 20 በመቶ፣ ከመግዣው ግን 25 በመቶ ነው። በመግዣው ላይ 20 በመቶ ቢጨምር መሸጫው 96 ይሆናል። ውሉ ላይ የቱ እንደሆነ ካልተጻፈ ጠቡ በመጀመሪያው ደረሰኝ ይጀመራል። ብዙ መሆን አለመሆኑ የሚለየው መጓጓዣውን፣ የሱቆቹን ዱቤና የተበላሸውን ዕቃ ማን እንደሚሸከም ከታወቀ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ አከፋፋዬ በሩብ ዓመቱ መጨረሻ ወር ብዙ ገዝቶ ቅናሽ አገኘ። ከዚያ ወዲህ ትዕዛዝ ቆመ፤ ሱቆች ውስጥም ምርቴ አይታይም።

መልስ፦ ለቅናሹ ሲል ከሚሸጠው በላይ ወስዷል። መጋዘኑን አብራችሁ ቁጠሩና ይህን አስሉ፦ በወሩ መጀመሪያ የነበረው፣ ሲደመር የገዛው፣ ሲቀነስ አሁን የቀረው። ለምሳሌ 400 ነበረው፣ 900 ገዛ፣ 1,050 ቀረ ቢባል፣ የወጣው 250 ካርቶን ብቻ ነው። በዚህ አካሄድ የቀረው ከ4 ወር በላይ ያስኬደዋል፤ የአገልግሎት ጊዜው የሚበቃ መሆኑን ይመርምሩ፣ ቀድሞ የሚያልፍበት ቀድሞ ይውጣ።

ተጨማሪ ቅናሽ ግን አይስጡ። ገንዘብ የጨነቀው አከፋፋይ ዕቃውን በርካሽ ወደ ጎረቤት ቀጠና ያሻግረዋል፤ እዚያ ያለው አከፋፋይዎም በዋጋው ተመቶ ምርትዎን ይተወዋል። በየካርቶኑ ላይ የአከፋፋዩን መለያ ቁጥር ካተሙ ዕቃው ከማን እንደወጣ ይታወቃል። ይልቅ አንድ የሽያጭ ሠራተኛ ለጥቂት ሳምንታት መድበው ክምችቱን ወደ ሱቆች እንዲያወጣ ያግዙት፤ ክምችቱ ወደ 6 ሳምንት ሽያጭ እስኪወርድ አዲስ ዕቃ አይላኩ። ከዚህ በኋላ ጉርሻው ከመጋዘን በወጣው ካርቶንና ምርቱ በተገኘባቸው ሱቆች ብዛት ይታሰብ፤ በየሩብ ዓመቱ ሳይሆን በየወሩ።

ጥያቄ፦ በሌላ አገር ያገኘሁት አከፋፋይ የንግድ ምልክቴን እዚያ በስሙ ላስመዝግብ ይላል። ልፍቀድ?

መልስ፦ አይፍቀዱ። የንግድ ምልክት ምዝገባ የሚያገለግለው በተመዘገበበት ግዛት ብቻ ነው፤ እዚያ በእሱ ስም ከተመዘገበ፣ ስትለያዩ በገዛ ምልክትዎ ለመሸጥ ሊከለክልዎ ይችላል። ናሙና ከመላክዎ በፊት በራስዎ ስም ያመልክቱ። ምርቱ የጤና ወይም የጥራት ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነም ፈቃዱ ሕጉ እስከፈቀደ ድረስ በእርስዎ ስም ይውጣ። የግድ በአገሩ ነዋሪ ስም የሚሆን ከሆነ፣ ውሉ ሲያበቃ አከፋፋዩ ፈቃዱን በስንት ቀን እንደሚያስተላልፍ ከወዲሁ ይፈረም።