በክረምት ከድሬዳዋ ወደ ሐረር፦ ለጠያቂው የተሰጠ መልስ

ውድ ወንድሜ፣ ጉልበታም የኤሌክትሪክ መኪናዎን በክረምት ይዘው ሐረር ሲወጡ ብርዱ ባትሪውን ይጎዳው እንደሆነ ጠይቀዋል። የሊቲየም ባትሪ ቻርጅ ለመቀበል በጣም የሚቸገረው ሙቀቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲወርድ ስለሆነ፣ የሐረር ብርድ አያሳስብዎት። እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝ በዝናብ የራሰው የደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው ከመነሻው ስለሆነ፣ በእርጥብ አስፋልት ላይ ነዳጁን እንደለመዱት (ነዳጅ ባይኖረውም ፔዳሉን ያው እንዲሁ እንጠራዋለን) በድንገት ቢረግጡት ጎማው ሊንሸራተት ይችላል፤ ስለዚህ የስፖርት አነዳዱን አጥፍተው ለስላሳውን ይምረጡ።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። እግርዎን ከፔዳሉ ሲያነሱ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ መኪናውን ይይዛል፣ ባትሪውንም ይሞላል፤ ነገር ግን መያዙ እጅግ ከጠነከረ፣ በተለይ የኋላ ጎማ ብቻ በሚነዳ መኪና፣ መታጠፊያ ላይ ኋላው ሊያፈነግጥ ስለሚችል መጠኑን ዝቅ ያድርጉት። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ደግሞ ይህ አያያዝ ይዳከማልና ሐረር ላይ እስከ 80 በመቶ ብቻ ሞልተው ይመለሱ። የጎማዎቹ ጥርስ ካለቀ ግን፣ እባክዎ፣ ሳይቀይሩ አይውጡ።