ካርቶኑ የሚለውና ስክሪኑ የሚያሳየው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የቤት ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ቴሌቪዥን የምስል ጥራት ናቸው። ቴሌቪዥን ለብዙ ቤተሰብ በዓመታት አንድ ጊዜ የሚገዛ፣ ገንዘቡም ከብዙ ነገር ተቆጥቦ የሚጠራቀም ዕቃ በመሆኑ፣ ካርቶኑ ላይ በሰፈሩ ቁጥሮች ሰው ሲሳሳት ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ በአንዳንዶቹ መልሶች ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን።

ጥያቄ፦ ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን ገዛሁ። ካርቶኑም ሆነ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው ስቲከር «ፎር ኬ» ይላል። የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን ሲያገናኘው ግን ስክሪኑ 1920 በ1080 ብቻ መሆኑን ነገረኝ። ሻጩ ደግሞ «ፎር ኬ ይደግፋል ነው ያልነው» አለኝ። ከመግዛቴ በፊት በምን ላውቅ እችል ነበር? (ከአዳማ)

መልስ፦ የእህትዎ ልጅ ያየው ትክክል ከሆነ የተሸጠልዎ ፉል ኤችዲ ቴሌቪዥን ነው። ምስሉን የሚሠሩት ፒክስል የሚባሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ሲሆኑ፣ ፎር ኬ የሚባል የቴሌቪዥን ስክሪን በአግድም 3840፣ በቁመት 2160 ፒክስል ሊኖረው ይገባል። ይህ ሲባዛ ከ8 ሚሊዮን ይበልጣል። ፉል ኤችዲ 1920 በ1080 ነው፤ 2 ሚሊዮን ያህል ማለት ነው። «ኤችዲ» ተብለው ከሚሸጡት ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ ደግሞ 1366 በ768 ብቻ ናቸው፤ ጠቅላላ ድምራቸው 1 ሚሊዮን ገደማ ነው። እርስዎ የከፈሉት ለ8 ሚሊዮኑ ሲሆን ቤትዎ የገባው የሩቡ ስክሪን ነው።

ሻጩ ያሉት የተሟላ ውሸት አይደለም፤ አታላይ የሚያደርገውም ይኸው ነው። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ቺፕ የፎር ኬ ፋይል ወይም ሲግናል ተቀብሎ መክፈት ይችላል። ምስሉ ወደ ስክሪኑ ሲደርስ ግን በቂ ፒክስል ስለሌለ ተቀንሶ ይታያል። ስቲከሩ ቴሌቪዥኑ የሚቀበለውን ሲናገር፣ ገዢው የሚያነበው ስክሪኑ የሚያሳየውን መስሎት ነው። በእኔ እምነት ይህን ልዩነት እያወቀ ዝም ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ደንበኛውን አታሏል።

ከመግዛትዎ በፊት ስቲከሩን ትተው ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ይፈልጉ፤ በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን አስገብተው የስክሪኑን (ፓነልም ይባላል) ሪዞሉሽን፣ ማለትም የፒክስል ብዛት፣ ያንብቡ። 3840 በ2160 ካላለ ፎር ኬ አይደለም። ብዙም የማይታወቅ ስም ያላቸው፣ ድረ ገጻቸው የማይገኝ ቴሌቪዥኖች ሲያጋጥሙ ግን ማስመሪያና የስልክ ካሜራ ይበቃል። ስክሪኑን ነጭ ምስል ላይ ያቁሙት፤ ማስመሪያውን ሳይጫኑ ወደ መስታወቱ ያስጠጉ፤ ከቅርብ ፎቶ አንሥተው ያጉሉት። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ጭረቶች ጎን ለጎን ተደርድረው ይታያሉ፤ ሦስቱ አንድ ላይ አንድ ፒክስል ናቸው። በባለ 43 ኢንች ስክሪን ላይ በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ 40 ያህል ፒክስል ከቆጠሩ ፎር ኬ ነው፤ 20 ያህል ከሆነ ፉል ኤችዲ ነው፤ 14 ያህል ከሆነ ተራ ኤችዲ ነው። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቆጥሮ ማባዛትም ይቻላል። ይህን መለኪያ ስቲከር ሊያስተው አይችልም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ትልቅ ፎቶ በፍላሽ አስገብቶ «ጥርት ብሎ ታየ» ማለት ማረጋገጫ አይሆንም። ፉል ኤችዲ ስክሪንም ፎቶውን ቀንሶ አጥርቶ ያሳያል፤ በተቃራኒው አንዳንድ እውነተኛ ፎር ኬ ቴሌቪዥኖች ፎቶን በፉል ኤችዲ ደረጃ ብቻ ያወጣሉ።

ጥያቄ፦ እኛ ቤት የሚታየው የዲሽ ቻናል ብቻ ነው። ሶፋችን ከቴሌቪዥኑ 3 ሜትር ያህል ይርቃል። ፎር ኬ ያስፈልገናል? (ከደሴ)

መልስ፦ ባለ 43 ኢንች የሚገዙ ከሆነ አያስፈልጋችሁም። በተለመደው ኤስዲ ጥራት የሚሰራጭ ቻናል 720 በ576 ፒክስል ነው። ይህን በፎር ኬ ስክሪን ፒክስል ብዛት ብናነጻጽረው ልክ አንድ ሃያኛ ይሆናል። ከጣቢያው የመጣ አንድ ነጠብጣብ ሃያ ቦታ መሙላት አለበት ማለት ነው፤ የጎደለውን ቴሌቪዥኑ በግምት ይሞላዋል። ደካማ ቺፕ ያለው ቴሌቪዥን ይህን ሲያደርግ ፊት የተቀባ፣ ጽሑፍ ጥላ የተከተለው ይመስላል፤ ብዙ ሰዎች «አዲሱ ቲቪ ከአሮጌው ባሰ» የሚሉት ስለዚህ ነው።

ርቀቱም ይወስናል። ጤናማ ዓይን በባለ 43 ኢንች ፉል ኤችዲ ስክሪን ላይ አንዱን ፒክስል ከሌላው መለየት የሚችለው እስከ 1 ሜትር ከ70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በባለ 65 ኢንች ይህ ርቀት ወደ 2 ሜትር ከ60 ይጠጋል። በ3 ሜትር ላይ ተቀምጦ የሚያይ ቤተሰብ ተጨማሪውን ዋጋ ለተሻለ ንፅፅር (በምስሉ የጥቁርና የነጭ ልዩነት) እና ለአስተማማኝ ዋስትና ቢያውለው ይጠቀማል። በኢንተርኔት ፊልም የምታዩ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ ኔትፍሊክስ ለፎር ኬ በሰከንድ 15 ሜጋ ቢት የማያቋርጥ ፍጥነት ይመክራል። ከመግዛታችሁ በፊት የቤታችሁን መስመር ማታ፣ ሰው ሁሉ በሚጠቀምበት ሰዓት ለኩት።

ጥያቄ፦ የምሠራው ጅዳ ነው። ስመለስ ለእናቴ ቴሌቪዥን ይዤ መሄድ እፈልጋለሁ። አንዱ ሱቅ ኤልኢዲ፣ ሌላው ኪውሌድ፣ ሌላው ኦሌድ ያሳየኛል፤ ሁሉም ላይ ደግሞ ኤችዲአር ተጽፏል። ምንድን ነው ልዩነታቸው?

መልስ፦ እህታችን፣ ኤልኢዲ የሚባለው ቴሌቪዥን ስክሪኑ ኤልሲዲ ነው፤ ኤልኢዲ የተባሉት ከኋላ ወይም ከጠርዝ ሆነው የሚያበሩለት መብራቶች ናቸው። ኪውሌድም መሠረቱ ያው ኤልሲዲ ሆኖ፣ ኳንተም ዶት የተባሉ ደቃቅ ቅንጣቶች ያሉበት ንጣፍ ይጨመርበታል፤ ቀለሙን በእርግጥ ያሻሽለዋል። ኦሌድ ግን በአሠራሩ የተለየ ነው። እያንዳንዱ ፒክስል የራሱን ብርሃን ስለሚሰጥ ጥቁር በሚያስፈልግበት ቦታ ፈጽሞ ይጠፋል፤ ጨለማው እውነተኛ ጨለማ ይሆናል። የኪውሌድና የኦሌድ ስሞች መመሳሰል ብዙ ገዢ አሳስቷል፤ አንዱን በሌላው ዋጋ እንዳይገዙ ይጠንቀቁ።

ኤችዲአር የሚለው ምልክት ከሁሉም በላይ የተበላሸ ነው። ኤችዲአር ማለት የፀሐዩን ነጸብራቅና የጥላውን ዝርዝር በአንድ ምስል ውስጥ አጉልቶ ማሳየት ነው። ፊልሞቹ በብዛት የሚዘጋጁት ድምቀቱ እስከ 1000 ኒት (ኒት የስክሪን ድምቀት መለኪያ ነው) ለሚደርስ ስክሪን ሲሆን፣ ርካሽ ቴሌቪዥኖች ብዙውን ጊዜ ከ250 እስከ 300 ኒት ላይ ይቆማሉ። ሲግናሉን ይቀበላሉ፤ የሚያሳዩበት ብርሃን ግን የላቸውም። እንዲያውም በእነዚህ ላይ የኤችዲአር ፊልም ከተራው ይልቅ ጨልሞ ሊታይ ይችላል። ሻጩን የሚጠይቁት «ኤችዲአር አለው ወይ» ብለው ሳይሆን «ከፍተኛ ድምቀቱ ስንት ኒት ነው? የኋላ መብራቱስ ክፍል በክፍል ይበራል ይጠፋል ወይ?» ብለው ነው። መልስ ካላገኙ ለምልክቱ ተጨማሪ ዋጋ አይክፈሉ።

እናትዎ ቀኑን ሙሉ አንድ ቻናል ከፍተው የሚውሉ ከሆነ ደግሞ ኦሌድን አልመክርዎትም፤ ጥግ ላይ ሳይንቀሳቀስ የሚውል የጣቢያ አርማ ከጊዜ ብዛት በስክሪኑ ላይ ቋሚ ጥላ ሊተው ይችላል። ለእርሳቸው ጥሩ ኤልሲዲ ይበቃል። ዋስትናው ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠራ መሆኑንም ሳይጠይቁ አይግዙ፤ ብዙ ጊዜ ዋስትና የሚሠራው በተሸጠበት አገር ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ሱቅ ውስጥ ያብረቀርቅ የነበረው ቴሌቪዥን ቤቴ ሲገባ ሌላ ሆነብኝ። ዕቃው ተቀይሮብኝ ይሆን? (ከአዲስ አበባ፣ መገናኛ አካባቢ)

መልስ፦ የሞዴል ቁጥሩ ከደረሰኙ ጋር አንድ ከሆነ ዕቃው አልተቀየረም። የተቀየረው የሚታይበት ሁኔታ ነው። አምራቾች ለሱቅ ብቻ የሚሆን የማሳያ ሞድ ያዘጋጃሉ፤ ድምቀቱን እስከ መጨረሻው ከፍ ያደርጋል፣ ነጩን ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል፣ ቀለሙን ያጋንናል። በዚያ ላይ የሚከፈተው ቪዲዮ አበባ፣ ፍራፍሬ፣ የባሕር ዓሣ በዝግታ የሚታይበት፣ ደካማ ስክሪን እንኳ ጉድለቱን የሚደብቅበት ምስል ነው። የሱቁ መብራት ኃይለኛ ስለሆነ የጥቁሩን መፍካት ማንም አያየውም።

ስለዚህ ሲገዙ ሻጩ ፍላሹን እንዲነቅልልዎ ይጠይቁ። የራስዎን ፍላሽ ይዘው ይሂዱ፤ ከሚያዩት ጣቢያ የተቀዳ የእግር ኳስ ጨዋታ፣ ሌሊት የተቀረጸ የፊልም ትዕይንት፣ እንዲሁም ሙሉ በሙሉ ግራጫ የሆነ አንድ ምስል ይበቃል። በሪሞቱ የምስሉን ሞድ ወደ «ስታንዳርድ» ወይም «ሙቪ» ያዙሩት። ካሜራው ኳሱን ተከትሎ በሣሩ ላይ ሲሄድ የማይንቀሳቀሱ የቆሸሹ የሚመስሉ መስመሮች ካዩ የኋላ መብራቱ እኩል አይደለም፤ ግራጫው ምስል ላይ ይኸው ይበልጥ ይጎላል። በጨለማው ትዕይንት ጥቁሩ ጭስ የመሰለ እንደሆነ፣ የሰውየው ኮትና ከኋላው ያለው ግድግዳ መለየታቸውን ይመልከቱ። ከዚያም ከፊት ለፊት ተነሥተው ወደ ጎን ይሂዱ። እንግዳ በሚበዛበት ቤት ግማሹ ሰው የሚያየው ከጎን ነው፤ ቀለሙ ከጎን የሚገረጣ ስክሪን አለ።

ንፅፅርን በሚመለከት «1,000,000 ለ 1» የሚል ቁጥር ሲያዩ አይገረሙ። የኋላ መብራቱን ለጥቁሩ ምስል አጥፍቶ፣ ለነጩ እስከ መጨረሻው አብርቶ፣ በተለያየ ሰዓት የተለካ ነው። መብራቱ ክፍል በክፍል በማይጠፋበት ኤልሲዲ ላይ ጥቁርና ነጭ አብረው ሲታዩ ያለው ትክክለኛው ንፅፅር፣ እንደ ፓነሉ ዓይነት፣ ከ1000 ለ 1 እስከ ጥቂት ሺህ ለ 1 ነው።

አሁን እቤትዎ ያለውን ለማስተካከል ቅንብሩ ውስጥ ገብተው የሱቅ ሞድ ከሆነ ወደ ቤት ሞድ ይለውጡት፤ «ሻርፕነስ» የሚለውንም ዝቅ ያድርጉት። ምስሉ በመጀመሪያው ቀን የደበዘዘ ይመስላል፤ ዓይን ሲለምደው ግን የሰው ፊት ትክክለኛ ቀለሙን እንደያዘ ያያሉ።

ጥያቄ፦ እዚህ ሜሪላንድ በቅናሽ ሰሞን «240» የሚል ቴሌቪዥን በርካሽ አገኘሁ። ስክሪኑ በእርግጥ በሰከንድ 240 ጊዜ ምስል ይቀይራል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ በዚያ ዋጋ አይቀይርም። ኸርዝ የሚባለው መለኪያ ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ አዲስ ምስል እንደሚያወጣ ያሳያል፤ በገበያ ያሉት አብዛኞቹ ቴሌቪዥኖች 60 ወይም 120 ናቸው። አምራቾች «ሞሽን ሬት» እና የመሳሰሉ የራሳቸውን ስሞች አውጥተው መብራትን በማብራትና በማጥፋት፣ በመሃል የተፈጠረ ምስል በመጨመር ቁጥሩን ያሳድጉታል። በካሊፎርኒያ ገዢዎች በዚሁ ጉዳይ ቪዚዮ የተባለውን የቴሌቪዥን አምራች ከሰው፣ ኩባንያው ጥፋተኝነቱን ሳያምን 3 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። «ኔቲቭ» የሚለውን፣ ማለትም የስክሪኑን የራሱን፣ ቁጥር ይጠይቁ። ለቅናሽ ሰሞን ብቻ የሚሠሩ፣ የሞዴል ቁጥራቸው በአንድ ፊደል የሚለይ፣ ውስጣቸው ግን የቀነሰ ቴሌቪዥኖችም ስላሉ ቁጥሩን ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። ወደ አዲስ አበባ ሊልኩት ካሰቡ ደግሞ ጀርባውን ይመልከቱ፤ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በ220 ቮልት ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ አሳሳች ጽሑፍ አይቶ የገዛ ሰው ሕግ ይጠብቀዋል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቷል። ዕቃውን ስለመረመረ ወይም በዋጋ ስለተከራከረ ብቻ የመግዛት ግዴታ እንደሌለበትም ደንግጓል፤ ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲፈትሹ ቢቆዩ ማንም ሊቆጣዎት አይገባም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ደግሞ አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል።

መብቱን የሚያጸናው ግን ማስረጃ ነው። «ቴሌቪዥን 43 ኢንች» ብቻ የሚል ደረሰኝ አይቀበሉ፤ የሞዴል ቁጥሩና «ፓነል 3840 በ2160» የሚለው እንዲጻፍበት ይጠይቁ። ዕቃው ፎር ኬ መሆኑን እርግጠኛ የሆነ ነጋዴ ይህን ለመጻፍ አያቅማማም፤ የሚያቅማማ ከሆነ ሌላ ሱቅ ይሂዱ። ካርቶኑን ከነስቲከሩ አይጣሉ። ቅሬታ ሲኖርዎት መጀመሪያ ሻጩን ያነጋግሩ፤ ካልተስማማ ደረሰኙን፣ የካርቶኑን ፎቶና ከማስመሪያ ጋር የተነሣውን የስክሪን ፎቶ ይዘው በአካባቢዎ ላለው የንግድ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ።