ስለ ችፌ ማሳከክ ለወጣት ሐኪሞች

የተወደዳችሁ የሙያ ልጆቼ፣

ሥራ በጀመርኩበት ዘመን አንዲት እናት የሦስት ዓመት ልጇን እጅ ይዛ፣ ክርኑ እጥፋት ላይ የደደረውን ችፌ እያሳየችኝ «ሽሮፑን ሲጠጣ ይተኛል፤ ግን ተኝቶም ያካል፤ ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ያዘዝኩለት ፀረ-ሂስታሚን፣ ማለትም በአለርጂ ጊዜ ሰውነት የሚለቀውን ሂስታሚን የተባለ ማሳከክ ቀስቃሽ ኬሚካል የሚከለክል መድኃኒት ነበር፤ እኔም ጥያቄዋን ሳልመልስ መጠኑን ጨምሬ ሸኘኋት። ልጁን ያስተኛው የመድኃኒቱ ማደንዘዝ እንጂ የማሳከኩ መቀነስ እንዳልነበረ የተረዳሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

የችፌ ማሳከክ በአብዛኛው የሂስታሚን ሥራ አይደለም። የበሽታ መከላከያ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡባቸው ሳይቶካይን የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኢንተርሉኪን 31 በቀጥታ የቆዳ ነርቮችን ይቀሰቅሳል፤ ኢንተርሉኪን 4 እና 13 ደግሞ ነርቮቹ በትንሽ ነገር እንዲቆጡ ያደርጋሉ። ሁለቱ በዚህ ሳይወሰኑ ቆዳ እርጥበቱን የሚጠብቅበትን ፊላግሪን የተባለ ፕሮቲን ያመናምናሉ፤ ስለዚህ ቆዳው ይደርቃል፣ ልጁ ያካል፣ የተቧጨረውም ቆዳ ቲኤስኤልፒ የተባለ መልእክት እየላከ ሴሎቹን እንደገና ይጠራል።

የፊላግሪን ዘረ-መል ጉድለት ከችፌ ጋር መያያዙ በ2006 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ሲታወቅ ነገሩ ያለቀለት መስሎን ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያውያን ሕሙማን ላይ የታተመ ጥናት ግን ጉድለቱ በእኛ ዘንድ እጅግ ጥቂት መሆኑን አሳየ። መጽሐፉ «ቀይ» የሚለውም ምልክት በጥቁር ቆዳ ላይ ወደ ወይን ጠጅ ወይም ግራጫ ያደላልና፣ ዓይናችሁ ሲጠራጠር በጣታችሁ ዳስሱ።

የኢንተርሉኪን 4 እና 13ን የጋራ ተቀባይ፣ ማለትም መልእክታቸው የሚያርፍበትን የሴል በር፣ የሚዘጋው ዱፒሉማብ የተባለ መድኃኒት በ2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለአዋቂዎች ችፌ ተፈቅዷል፤ ዋጋው ግን ከብዙዎቹ ሕሙማኖቻችን አቅም በላይ ነው። ይህ ማለት ዕውቀቱ አይጠቅማችሁም ማለት አይደለም። የስቴሮይድ ቅባት እነዚሁን መልእክቶች ከምንጫቸው እንደሚቀንስ፣ ቫዝሊንም የሳሳውን ቆዳ ሸፍኖ የማንቂያውን ጥሪ እንደሚያበርድ ስታውቁ፣ ትእዛዛችሁን ለእናት በሙሉ ልብ ታስረዳላችሁ። (ለልጃቸው ችፌ ስቴሮይድ ፈርተው፣ ክሎቤታሶል የተባለ ብርቱ ስቴሮይድ ያለበትን የቆዳ ማቅያ ክሬም ያለ ማዘዣ ገዝተው ፊታቸውን የሚቀቡ ወላጆች አጋጥመውኛል።) «ትንሽ ቀቢ» ብላችሁ አትሸኟት፤ ከጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መገጣጠሚያ የተጨመቀ ቅባት ሁለት የአዋቂ መዳፍ ከነጣቶቹ ለሚያህል ቆዳ እንደሚበቃ በራሷ ጣት ላይ አሳዩዋት። ቫዝሊኑንም ልጁ ከታጠበ በኋላ ሰውነቱ ገና እርጥብ ሳለ ትቀባው።

በየቀጠሮው የልጁን ጥፍር ተመልከቱ፤ ማታ ስንት ጊዜ እያከከ እንደሚነቃ ጠይቁና መልሱን ካርዱ ላይ ጻፉት።