ብልጭ ድርግም የምትል ባትሪ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ እጅ ባትሪ የላካችኋቸው ጥያቄዎች ተጠራቅመው ነበር። ቁጭ ብዬ ሳነባቸው አብዛኞቹ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው፦ ብርሃኑ ይቆራረጣል። ስለዚህ የዛሬውን ቦታ ሙሉ በሙሉ ለእሱ ሰጠሁት። ቃል እንዳይምታታብን፣ «ባትሪ» ስል የእጅ ባትሪዋን ነው። ውስጧ የሚገባውን «ድንጋይ» እለዋለሁ።

ጥያቄ፦ ኪስ የምትገባ ትንሽ ባትሪ አለችኝ። ስራመድ ትጠፋና መልሳ ትበራለች። መታ መታ ሳደርጋት ትስተካከላለች። ድንጋዩን በአዲስ ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። አምፖሉ ተቃጥሎ ይሆን?

አምፖሉን ለጊዜው ይተዉት። መታ ሲያደርጓት የምትስተካከል ከሆነ ጉዳዩ የኮንታክት ነው። የሆነ ቦታ ላይ ብረትና ብረት በደንብ አልተነካኩም። መታ ማድረግ ደግሞ ለጊዜው ያገናኛቸዋል እንጂ አይጠግናቸውም። በጣም በሚፈልጓት ሰዓት ትከዳዎታለች።

ኤሌክትሪኩ የሚዞርበትን መንገድ አንዴ ያስቡት። ከድንጋዩ ፖዘቲቭ ጫፍ ይነሳል። ጭንቅላቷ ውስጥ ባለው ቦርድ (ብርሃኑን በሚቆጣጠረው ትንሽ ሰሌዳ) እና በኤልኢዲው (ብርሃን በሚሰጠው ትንሽ አምፖል) በኩል ያልፋል። ከዚያ በራሱ በቀፎው አድርጎ ወደ ኋላ ክዳኑ ይመጣል። እዚያ በማብሪያውና በሞላው በኩል የድንጋዩን ኔጌቲቭ ጫፍ ያገኛል። አዎ፣ የብረት ቀፎ መያዣ ብቻ አይደለም፤ እንደ ሽቦም ይሠራል። ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው።

በአልሙኒየም ቀፎ ላይ ያለው ቀለም የሚመስል ሽፋን ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው ሽፋን በሌለበት በቀፎው አፍ ዙሪያ፣ በዚያ በሚያብረቀርቀው ጠርዝ ነው። እዚያ ጠባብ ጠርዝ ላይ ትንሽ ቆሻሻ ወይም የደረቀ ግራሶ ቢቀመጥ ብርሃኑን ለመቆራረጥ ይበቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ ያጽዱ። ድንጋዩን ያውጡ። ጥጥ በአልኮል ነክረው የቀፎውን ጠርዝ በሁለቱም በኩል ይጥረጉ። ክዳኑ የሚጠመዘዝባቸውን ጥርሶች፣ የሞላውን ጫፍና የድንጋዩን ሁለት ጫፎችም እንዲሁ። ጥጡ ጥቁር መያዝ እስኪያቆም ድረስ ይቀጥሉ። አልለቅ ያለ ነገር ካለ በእርሳስ ላጲስ ይሹት። ብርጭቆ ወረቀት ግን አይንኩ። ኮንታክቱ ላይ የተለበጠውን ስስ ብረት ይልጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ቶሎ ቶሎ ይቆሽሻል።

ቀጥለው የኋላ ክዳኑን ውስጡን ይዩት። በብዙ ባትሪዎች ማብሪያውን አጥብቆ የሚይዝ ቀለበት አለ፤ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ወይም ጎድጓዳ ቦታ አለው። ይህ ቀለበት ከላላ ባትሪዋ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ብርሃኑ ይቆራረጣል። የወረንጦ ጫፎች ሁለቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ያስገቡና በሰዓት አቅጣጫ ያጥብቁት። አንዳንዱ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚጠብቅ እምቢ ካለ አያስገድዱት። እኔ አንድ ጊዜ ይህን ሳላይ ጭንቅላቱን ፈትቼ ደህና የነበረ ሽቦ በጠስኩ። ጥፋተኛው ለካ ይህ ቀለበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ከኋላ ነው የምጀምረው።

አሁንም ካልተስተካከለች አንድ ሙከራ አለ። የሚሠራው ማብሪያቸው የኋላ ክዳኑ ላይ ለሆነ የብረት ባትሪዎች ነው። የኋላ ክዳኑን ይፍቱ። ድንጋዩ ቦታው ላይ እንዳለ፣ ኔጌቲቭ ጫፉንና የቀፎውን ራቁት ጠርዝ በአጭር ወፍራም ሽቦ ወይም በወረቀት ማያያዣ ያገናኙ። ባትሪዋ መብራት አለባት። ያኔ ነቅነቅ አድርጓት። ሳትቆራረጥ ከበራች ችግሩ በእጅዎ የያዙት ክዳን ውስጥ ነው። መቆራረጡ ከቀጠለ ወደ ጭንቅላቱ ይሂዱ፤ መጀመሪያ ከቀፎው ጋር ጠብቆ መታሰሩን ይዩ። ሙከራውን በአጭሩ ይጨርሱ፤ ሽቦው ሊሞቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ የእኔዋ አትጠፋም። ግን በራሷ ጊዜ ከደማቅ ወደ ደብዛዛ፣ ከዚያ ወደ ብልጭ ድርግም ትቀያየራለች። ቦርዱ ተበላሽቷል አሉኝ።

አይቸኩሉ። ብዙ ባትሪዎች የብርሃን መጠን የሚቀይሩት ማብሪያው ለቅጽበት ሲነካና ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ነው። ኮንታክቱ ከላላ ቦርዱ ያንን መቋረጥ የእርስዎ ጣት አድርጎ ይቆጥረዋል። ዓይንዎ መጥፋቱን አያይም፤ የሚያየው መቀያየሩን ብቻ ነው። ከላይ ያለውን ጽዳት እና የቀለበቱን ማጥበቅ ይሞክሩ። ቦርዱን መጠርጠር ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ሦስት ትንንሽ ድንጋይ የምትይዝ ባትሪ ናት። አንዱን ብቻ በአዲስ ቀየርኩ፤ ብሶባታል።

ሦስቱንም አንድ ላይ ይቀይሩ። አንድ ዓይነት፣ ባንድ ጊዜ የተገዙ ይሁኑ። ድንጋዮቹ በተከታታይ ስለሚገናኙ ደካማው ሁሉንም ይጎትታል። ጨርሶ ሲደክም ሌሎቹ በግድ ኤሌክትሪክ ያሳልፉበታል፤ ያኔ መፍሰስ ይጀምራል። ድንጋዮቹን የሚይዘውን የፕላስቲክ ማቀፊያም ይፈትሹ። ትንንሾቹ ሞላዎች ተጣመው ወይም ወደ ውስጥ ገብተው ከሆነ አንዱ ድንጋይ ልል ሆኖ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ስከፍታት ሞላው ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አገኘሁ። እንዴት ላጽዳው?

አልካላይን ድንጋይ ፈስሶብዎታል። የሚፈሰው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ቆዳና ዓይን ይጎዳል። አየር ሲያገኘው ወደዚያ ነጭ ዱቄት ይለወጣል። ጓንት ያድርጉ። ጥጥ በትንሽ አቼቶ ወይም በሎሚ ጭማቂ ነክረው ይጥረጉት፤ ትንሽ ይፈላል። ከዚያ በውሃ በረጠበ ጥጥ፣ በመጨረሻ በአልኮል ይጥረጉና በደንብ ይድረቅ። ሞላው ከስር ተበልቶ ከሆነ ግን ጽዳት አይመልሰውም፤ መቀየር አለበት። ባትሪዋን ለወራት የማይነኳት ከሆነ ድንጋዩን አውጥተው ያስቀምጡ። እባክዎ ይህን ልማድ ያድርጉት። በዚህ ብቻ የተጣሉ ስንት ጥሩ ባትሪዎች አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። ማታ ማታ የማነብባት ባትሪ በዝቅተኛው ብርሃን ደህና ናት። ደማቁ ላይ ሳደርጋት ብቻ ትቆራረጣለች።

ጥሩ አድርገህ አስተውለሃል፤ ግማሹን መልስ ራስህ አግኝተኸዋል። ደማቅ ብርሃን ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል። የደከመ ድንጋይ ያን ጊዜ ቮልቴጁ ይወርዳል። ቦርዱ ያጠፋል፤ ድንጋዩ ትንሽ ያገግማል፤ መልሶ ይበራል። መቆራረጡ ከዚህ ይመጣል። የቆሸሸ ኮንታክትም ይህንኑ ያደርጋል። ስለዚህ በመጀመሪያ ሙሉ ድንጋይ አስገብተህ ሞክራት፤ ካልተስተካከለች አጽዳት። አንዳንዶቹ ድንጋዩ ሊያልቅ ሲል ሆን ብለው ብልጭ ድርግም በማለት ያስጠነቅቃሉ። የባትሪህ መመሪያ ካለህ ያንን እይ።

ጥያቄ፦ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ፣ ስትሞቅ ብቻ ነው የምትቆራረጠው።

ሙቀት ብረትን ይለጥጣል። በካውያ የተበየደ ቦታ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ካለች ሲሞቅ ትከፈታለች፣ ሲበርድ ትገጥማለች። ይህ የጭንቅላት ሥራ ነው። ካውያ የያዘ ሰው ሽቦዎቹን እንደገና ሊበይዳቸው ይችላል። ሳትቆራረጥ ቀስ ብላ ብቻ ከደበዘዘች ግን አይጨነቁ፤ ብዙ ባትሪዎች ራሳቸውን ከሙቀት ለመጠበቅ ብርሃን ይቀንሳሉ።

ጥያቄ፦ ሞላውን በእጄ ሳብ ባደርገውስ?

ይችላሉ፤ ድንጋዩን አውጥተው፣ በቀስታ፣ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ።

ጥያቄ፦ በዓይኔ ደህና ናት፤ በስልክ ካሜራ ሳያት ግን ብርሃኑ መስመር መስመር ይሠራል።

ብልሽት አይደለም። ቦርዱ ብርሃን የሚቀንሰው ኤልኢዲውን በጣም በፍጥነት እያበራና እያጠፋ ነው። ዓይን አይከተለውም፤ ካሜራ ይይዘዋል።

ጥያቄ፦ በተራው 1.5 ቮልት ድንጋይ ፈንታ ልክ የእሱን መጠን የሚያህል ቻርጅ የሚደረግ ሊቲየም አስገባሁ። በጣም ደመቀች፣ ከዚያ ተንቀጠቀጠች፣ አሁን ጭራሽ አትበራም።

አዝናለሁ። 14500 የሚባለው ሊቲየም ድንጋይ በመጠን ከተራው ጋር አንድ ነው፤ ሲሞላ ግን 4.2 ቮልት ይሰጣል። ባትሪዋ ለእሱ ካልተሠራች ቦርዱ ይቃጠላል። መጠኑ መግጠሙን ሳይሆን ባትሪዋ ላይ ወይም መመሪያው ላይ የተጻፈውን ቮልት ይመልከቱ። ድንጋዩን አሁኑኑ ያውጡት። ላዩ ላይ ያለው ፕላስቲክ ከተቀደደ ወይም ድንጋዩ ካበጠ ዳግም አይጠቀሙበት፤ ቻርጅም አያድርጉት። ደህና ከሆነ ግን 14500 እቀበላለሁ ለምትል ባትሪ ያስቀምጡት።