መልስ፦ በእንግሊዝኛ የቀረበልዎትን የልዩ ትምህርት ዕቅድ ስለመፈረም

ትምህርት ቤቱ ለልጅዎ ያዘጋጀውን የልዩ ትምህርት ዕቅድ በስብሰባው ላይ ወዲያው መፈረም አለብኝ ወይ ብለው ጠይቀዋል፤ በስብሰባው ዕለት የመፈረም ግዴታ የለብዎትም። የዋሽንግተን ዲሲው ትምህርት ቤት የልጅዎን ዕቅድ፣ አይኢፒ የሚሉትን፣ በእንግሊዝኛ ብቻ ማቅረቡና የ13 ዓመት ታላቅ እህቱ እንድታስተረጉም መጠየቁ ትክክል አይደለም፤ የአካል ጉዳተኞችን ትምህርት የሚመለከተው የፌዴራል ሕግ፣ ወላጅ የሚባለውን እንዲረዳ አስፈላጊ ሲሆን አስተርጓሚ ማቅረብን ጨምሮ የሚያስፈልገውን ሁሉ እንዲያደርግ ትምህርት ቤቱን ያስገድዳል። ከተማዋም እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አላት።

ነገውኑ አጭር ኢሜይል ይላኩ፦ «የአማርኛ አስተርጓሚ ያለበት ቀጠሮ ይያዝልኝ፤ ልጄ ልዩ ትምህርት ያስፈልገው እንደሆነ ለማወቅ የተደረገውን ምርመራ ውጤትና የዕቅዱን ረቂቅ አስቀድማችሁ ላኩልኝ»። የስልክ ቃል በኋላ ማስረጃ አይሆንም።

ልጅዎ ወደ አሜሪካ ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነው ስላሉ፣ ይህ ምርመራ በየትኛው ቋንቋ እንደተደረገለት አጥብቀው ይጠይቁ። እንግሊዝኛ ስላልቻለ ብቻ ልጅን «የመማር ችግር አለበት» ብሎ መመደብ በዚያው ሕግ የተከለከለ ነው፤ የሚቻል እስከሆነ ድረስም ምርመራው የሚካሄደው በራሱ ቋንቋ ነው። ይህን ጥያቄ ብዙ ወላጅ ይዘነጋዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። እኔ «መገኘትዎን ለማረጋገጥ ነው» ተብዬ የፈረምኩበት ወረቀት፣ ከፊርማዬ በላይ ባለች ትንሽ ሣጥን ውስጥ ስምምነትን የሚገልጽ ምልክት ነበረበት። እርስዎ መገኘትዎን ብቻ የሚፈርሙ ከሆነ ከስምዎ ጎን «ተገኝቻለሁ፣ አልተስማማሁም» ብለው በእጅዎ ይጻፉበት። ሆኖም የመጀመሪያው የልዩ ትምህርት አገልግሎት ያለእርስዎ የጽሑፍ ፈቃድ ስለማይጀምር፣ ልጅዎ በእርግጥ የሚያስፈልገው ከሆነ ቀጠሮውን አያራዝሙት።