በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ የመጣው እባብ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን ልጅ ስልኩን ይዞ ቤት መጣ። በባዮሎጂ ተመርቆ ሥራ እየፈለገ ነው። «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ» አለኝ።

ስልኩ ላይ ያለው ጽሑፍ ስለ አንድ የሜክሲኮ ራትልስኔክ ነበር። ራትልስኔክ ጅራቱን እንደ ቃጭል የሚያንሿሿው እባብ ነው። ከሰሜንና ከደቡብ አሜሪካ አህጉሮች ውጭ አይገኝም። ይሄኛው እ.ኤ.አ. በ1966 በምዕራብ ሜክሲኮ፣ አውትላን ከምትባል ከተማ ብዙም ሳይርቅ ተገኘ። የተገኘው አንድ ብቻ ነው። ክሮታለስ ላኖሚ የሚል ስም ወጣለት። ከዚያ በኋላ ለ40 ዓመት ያህል የበላው ጅብ አልጮኸም። ተመራማሪዎች እንደገና በሕይወት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ2008 ነው።

ልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተና «እኛ አገርስ እንዲህ ያለ ነገር ይኖራል?» አለ። «እንዴታ!» ብዬ ጀመርኩ። መሃል ላይ ግን ቃል አጠረኝ። ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። እኔ ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በ1975 ዓ.ም. ኢሉባቦር ውስጥ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። ገና 24 ዓመቴ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ስለሆንኩ ዝናቡ ጉድ አደረገኝ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የራሴ ድምፅ ለራሴ አይሰማኝም። ጠመኔዬን አስቀምጬ እስኪያባራ እጠብቃለሁ። ልጆቹ በዚያ ዝናብ ሁለት ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው ይመጣሉ፤ ደብተራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ብብታቸው ውስጥ ይዘው። የአንዷ ተማሪዬ እናት ጨው ጨምረው ያፈሉልኝ ቡና ጣዕሙ እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ። እንዲያ ያለ ቡና ከዚያ ወዲህ አልጠጣሁም። ወደ ነገሬ ልመለስ።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዞ ገባ። ጠረጴዛዬ ላይ አኑሮ ገመዱን ፈታ። የሞተ እባብ ነው። ወፍራም፣ አጭር። ወገቡ ላይ በዱላ ተመትቷል። ጀርባው ጥቁር ሆኖ ቢጫ መስመር ዳር እስከ ዳር ይዞራል፤ የቀሚስ ጥልፍ ይመስላል። ጭንቅላቱ ሰፊ ነው። ዓይኑ ግን ለዚያ ጭንቅላት አይመጥንም፤ የምስር ፍሬ ታክላለች።

እኔ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ስለ እፉኝት አስተምሬ ነበር። «ጎበዝ፣ እፉኝት ነው» አልኩት።

«አይደለም ቲቸር» አለ። «እፉኝት አውቃለሁ። ቆላ ስንወርድ እናየዋለን። ይሄ የጫካ ነው። ቡና ሥር ነው የሚተኛው። ሌላ ቦፋ ነው።» ቦፋ በኦሮምኛ እባብ ማለት ነው።

ክፍሉ ሳቀ። የሳቁት በልጁ ይሁን በእኔ አላወቅኩም። እኔ የመሰለኝ በእኔ ነው። ደሜ ፈላ። «አስተማሪው አንተ ነህ ወይስ እኔ?» አልኩት። «ውጣና ጣለው!»

ልጁ አልተከራከረም። ቅጠሉን እጥፍ በእጥፍ አድርጎ መልሶ ጠቀለለው። በዚያችው ገመድ አሰረው። ያን ያህል ተጠንቅቆ የሚያስረው ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ለመጣል እኮ ነው። ከዚያ ወጣ። በዚያ ዓመት እጁን አውጥቶ ሲጠይቅ አላየሁትም።

ከ11 ዓመት በኋላ አዲስ አበባ፣ አንድ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ስለ አገራችን እባቦች የተጻፈ ነገር አገላብጥ ነበር። ቢቲስ ፓርቪኦኩላ የሚል ስም አገኘሁ። በጀርመን የቦን ሙዚየም ሰው፣ ቮልፍጋንግ ቦሜ፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቀው እባብ ነው። አገሩ ኢሉባቦር፣ የዶኪ ወንዝ ድልድይ አካባቢ። ያኔ በሳይንስ እጅ የገቡት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ስሙ በላቲን «ትንሽ ዓይን» ማለት ነው። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ከደንኩት። እሱ ነው አልኩ። ያ የኮባ ቅጠሉ እባብ ነው።

እናንተ ልጆች ላይ አንድ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። ያያችሁትን ሁሉ ፎቶ ታነሣላችሁ፣ ወዲያው ትለጥፋላችሁ፣ ላይክ ትቆጥራላችሁ። የት ነው? መቼ ነው? ማን አሳየህ? ሲባል መልስ የለም። ትጉ፣ አንብቡ የሚለውን ከሌላ ሰው ትሰሙታላችሁ። እባብ በእጅ አይነካም የሚለውንም መንገር አያስፈልገኝም። እኔ የምለምናችሁ ቦታና ቀን እንድትጽፉ ነው። የነገራችሁን ሰው ስምም እንዲሁ፤ ገበሬ ይሁን፣ እረኛ ይሁን፣ የቡና ለቃሚ ልጅ ይሁን።

ደግሞ ፎቶውን ማናናቄም ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ባሌ ውስጥ፣ ሐረና ጫካ፣ የዚህ እባብ ዘመድ የሆነ አንድ እባብ ፎቶ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች በሙዚየም ብዙ ዘመን የተቀመጠች አንዲት ናሙና ከደቡብ ምዕራቡ እባብ የተለየች ዝርያ ናት ብለው ቢቲስ ሐረና የሚል ስም ሰጧት። ያኔ ያ ፎቶ የዚያው ዝርያ ሁለተኛ ምስክር ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ቦታው ስለታወቀ ነው ለቁም ነገር የበቃው። እኔ ያኔ ስልክ ቢኖረኝ ኖሮ... አይ፣ ቢኖረኝም አላነሣውም ነበር። እፉኝት ነው ብዬ ፈርጄ ጨርሻለሁ።

የጎረቤቱ ልጅ ትናንት ተመልሶ መጣ። ኢሉባቦር ሄዶ ማየት አሰኝቶታል። «ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት እሱ ነበር?» አለኝ። በቤተ መጻሕፍቱ ቀን እርግጠኛ ነበርኩ። አሁን ግን መማል አልችልም። ቀኑ ጠፍቶብኛል። ወሩ ጥቅምት ይሁን ኅዳር እንኳ አላውቅም። በእጄ የቀረ አንዲት ቅርፊት የለም።

ወረቀት አምጥቼ ካርታ ሳልኩለት። ትምህርት ቤቱን አደረግኩ። ከታች ያለውን ጅረት፣ የቡናውን ጫካ፣ ልጆቹ የሚመጡባቸውን ሦስቱን መንገዶች አሰመርኩ። «እሱስ በየትኛው ነበር የሚመጣው?» አለ ልጁ እስክሪብቶውን ይዞ።

አልጠየቅኩትም ነበር።