ዋልካ ላይ ሳር ለምታነጥፈው የአዘዞ እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት። የካፌሽ ግቢ 12 በ15፣ ማለትም 180 ካሬ ነው። አፈሩ ዋልካ ነው። ሰው ሰራሽ ሳር ልታነጥፊበት አስበሻል። አንዱ ባለሙያ «ስስ ኮንክሪት ይፈስና እላዩ ላይ ይለጠፍ» ብሎሻል፤ ሌላው «30 ሳንቲም ተቆፍሮ ጠጠር ይሞላ» ይላል። የቱን ልስማ ነው ያልሽው።

እኔ እዚሁ ጎንደር የግቢ ሥራ ስሠራ ዓመታት ሆነኝ። የመጀመሪያው ሥራዬ ዋልካ ላይ ነበር፤ ተበላሽቶብኛል። ከእሱ ልጀምር።

ማራኪ በኩል ያለ የአንድ ማረፊያ ግቢ ነው። ልክ እንደ ሁለተኛው ሰውዬሽ 30 ሳንቲም አስቆፈርኩ። ገረጋንቲ ሞላሁ፣ እላዩ ላይ ደቃቅ ጠጠር፣ ከዚያ በሮለር አስጠቀጠቅኩ። ሳሩ ሲነጠፍ ዓይን ይስባል። ባለቤቱም ቀሪ ክፍያዬን ያለ ንትርክ ሰጠኝ። ነሐሴ ላይ ደወለ። ሄጄ ሳየው እዚህ ጎብጧል፣ እዚያ ሰምጧል፣ ሲረግጡት ጭቅ ጭቅ ይላል። ጠረጴዛ አይቆምበትም። ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ዋልካ ውኃ ሲጠጣ እንደሚያብጥ፣ ሲደርቅ እንደሚኮማተር ማንም የአገሬ ሰው ያውቃል። በበጋ እጅ የሚያስገባውን ስንጥቅ እያየን ነው ያደግነው። እኔ ያላሰብኩት ጉድጓዱን ነው። ዋልካ ውስጥ ቆፍረሽ ጠጠር ስትሞዪ ገንዳ ሠራሽ ማለት ነው። ዝናቡ በሳሩ ቀዳዳ ይወርዳል፣ በጠጠሩ መሃል ሰተት ብሎ ያልፋል፣ ዋልካው ላይ ሲደርስ መውጫ ያጣል። እዚያው ተኝቶ ይከርማል። ዋልካውም ከሥር እየጠጣ ያብጣል። ጠጠሩን ብታበዢው ገንዳውን አተለቅሽው እንጂ ሌላ የፈየድሽው ነገር የለም።

ስስ ኮንክሪቱም አያዋጣሽም። ክረምት ሲገባ መጀመሪያ የሚርሰው ዳር ዳሩ ነው። መሃሉ ተሸፍኗልና ደረቅ ይቆያል። ዳሩ ያብጥና ኮንክሪቱን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ኮንክሪቱ ይሰነጠቃል፣ ሳሩም አብሮ ይቀደዳል። ድሮ የፈሰሰና ስንት ክረምት አልፎበት ያልተሰነጠቀ ኮንክሪት ካለሽ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ላይ ለጥፊ፣ ገንዘብሽን አትርፊ።

አሁን እኔ የምሠራበትን መንገድ ልንገርሽ። ቁፋሮው ያው 30 ሳንቲም ነው፤ ልዩነቱ የጉድጓዱ ወለል ነው። ወለሉ ራሱ፣ ዋልካው፣ ተዳፋት ይኑረው። በሜትር አንድ ሳንቲም ተኩል ይበቃል። በ12 ሜትሩ በኩል ካዘነበልሽው ከዳር እስከ ዳር 18 ሳንቲም ይወርዳል ማለት ነው። ተዳፋቱ ላይ ወፍራም ላስቲክ ይነጠፋል፣ ውኃው ዋልካውን እንዳያገኘው። ጠጠሩ ላስቲኩን እንዳይበሳው መሃላቸው ጂኦቴክስታይል፣ ማለትም ውኃ የሚያሳልፍ ጠንካራ ጨርቅ፣ ይገባል። ታችኛው ጠርዝ ላይ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ቅበሪና ከግቢ ውጭ ወዳለው ዲች (የጎርፍ መውረጃ ቦይ) አውጪው። ዲቹ ከቱቦሽ ዝቅ ማለቱን ቁፋሮ ሳይጀመር አረጋግጪ! ይህ ካልሆነ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ጠጠሩን በሁለት ዙር፣ በየ15 ሳንቲሙ አስጠቅጥቂ። የጣራሽ አሸንዳ ወደ ሳሩ የሚያፈስ ከሆነም መስመሩን አስቀይሪው።

ብዛቱን ላስላልሽ። 180 ካሬ በ30 ሳንቲም 54 ኪዩብ ነው። ተቆፍሮ ሲላላ ወደ 70 ይጠጋል፤ በሲኖትራክ አራት አምስት ቢያጆ ዋልካ መድፋት አለብሽ ማለት ነው። የሚገባው ጠጠርም ከመጠቅጠቁ በፊት ያንኑ ያህል ነው። «ሁለት ቢያጆ ይበቃል» የሚልሽ ካለ በዘዴ ሸኚው።

ወቅቱን በተመለከተ ሁሉም «በጋ ላይ ሥሪ» ይልሻል። እኔ ኅዳርን ነው የምመርጠው። መጋቢት ላይ ዋልካው ደርቆ፣ ተሰንጥቆ፣ የመጨረሻ ትንሽ መጠኑ ላይ ነው። ያኔ ከሠራሽበት ከዚያ በኋላ የሚቀረው ማበጥ ብቻ ነው። ኅዳር ላይ ዝናቡ አቁሟል፣ አፈሩ ግን ጨርሶ አልደረቀም። ለጥምቀት እንግዳም ትደርሺያለሽ። የግድ መጋቢት ከሆነብሽ የተቆፈረውን ወለል ለተከታታይ ቀናት በትንሽ በትንሹ አርሺው፣ ስንጥቁ ሲገጥም ሥሪ። ጭቃ እስኪሆን ግን አይደለም፤ ጭቃ አይጠቀጠቅም። አጥሩ ሥር ባሕር ዛፍ ካለም ንገሪኝ፤ እሱ ውኃውን እየመጠጠ አንዱን ጎን ብቻ ያደርቅብሻል።

ስለ ሳሩ ብዙ አልልም። ለወንበርና ጠረጴዛ አጭሩ፣ 20 ወይም 25 ሚሊ ሜትሩ ይሻላል፤ ረጅሙ ይተኛል። ጥቅሉን ዘርግተሽ ጥቂት ሰዓት ፀሐይ ላይ ተዪው፣ ይፍታታ። የሁሉም ጥቅል ፀጉር ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛ፤ ካልሆነ የሁለት ዓይነት ቀለም ይመስላል። ቀትር ላይ በባዶ እግር አይረገጥም፣ በጣም ይግላል። ለሕፃናት መጫወቻ ካሰብሽው ጥላ አዘጋጂ።

ለሠርግ የምታከራዪው ከሆነ የድንኳን ካስማ እንዳይተከልበት። ላስቲኩም ቱቦውም ይበሳል።

አንድ የረሳሁት፣ ጀበና ቡና ታፈያለሽ አይደል? አንድ ፍም ከወደቀ ሳሩ ቀልጦ ጥቁር ጠባሳ ይሆናል። እኔ ራሴ ስንቱን ቆርጬ ጠግኛለሁ። በሩ አጠገብ ሁለት ካሬ ያህል ኮብልስቶን አስነጥፊና ረከቦቱም ከሰሉም እዚያ ይሁን። ቄጠማውንም እዚያው ጎዝጉዢ።